የወደዳችሁትን መንፈሳዊ ልብ ወለድ ለሌላ ሰው እንዴት ትጽፉለታላችሁ?

ጥሩ መጽሐፍ አንብበን ስንጨርስ ዝም ማለት ይከብደናል። ለጓደኛ እንደውላለን፣ ለእህታችን በቴሌግራም «ይሄን ካላነበብሽ!» እንላለን፣ ከቅዳሴ ወይም ከአምልኮ መልስ ቡና ላይ እናነሳዋለን። ችግሩ የሚመጣው በጽሑፍ እናስቀምጠው ያልን ቀን ነው። ያ ሁሉ ስሜት የት እንደገባ ሳይታወቅ ይጠፋና «መጽሐፉ በጣም አስተማሪ ነው፣ ሁላችሁም ብታነቡት ትጠቀማላችሁ» የምትል ደረቅ ዓረፍተ ነገር ብቻ ትቀራለች። በዚህች ዓረፍተ ነገር ተስቦ መጽሐፍ የገዛ ሰው አላውቅም።

ይህን የምጽፈው ስለሚወዱት መጽሐፍ፣ በተለይ እምነትን ስለሚነካ ልብ ወለድ፣ መጻፍ ለሚፈልጉ ነው። እኔ ባህር ዳር ስላለሁ ምሳሌዎቼ ከዚሁ ከሐይቁ ዙሪያ ናቸው። ሐሳቤን ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ ትምህርቱን ተዉትና ስለ ሰውየው ጻፉ። ምን ፈለገ፣ ምን ፈራ፣ ምን ከፈለ? ትምህርቱን አንባቢው ራሱ ያገኘዋል።

የምትጽፉለትን ሰው ምረጡ

«ለሁሉም አንባቢ» ብላችሁ ከጀመራችሁ ለማንም አትጽፉም። አንድ ሰው ፊታችሁ አምጡ። ፔዳ ግቢ የምትማር የአክስት ልጅ ልትሆን ትችላለች፣ ማታ ማታ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብሎ ደንበኛ የሚጠብቅ ጎረቤት ሊሆን ይችላል፣ ልጆቿን ካስተኛች በኋላ ግማሽ ሰዓት ብቻ የምታገኝ እናት ልትሆን ትችላለች። ያ ሰው አሁን ምን ከብዶታል? ስንት ገጽ ይችላል? ሐዘን ላይ ላለ ሰው ስለ ሞት የሚያወራ ወፍራም መጽሐፍ ስትጠቁሙ ምን ብላችሁ ነው የምታስጠነቅቁት? ይህን ካሰባችሁ ቃላቱ ራሳቸው ይመጣሉ።

መጽሐፉም ከልብ የወደዳችሁት ይሁን። ሰው ሁሉ ስላወራለት ብቻ አትጻፉ። ምልክቱ ቀላል ነው። አንብባችሁ ሳምንት ካለፈ በኋላ ባጃጅ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ አንዱ ገጸ ባሕርይ ትዝ ይላችኋል፣ «እሷ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ትላላችሁ። እንዲህ ያላደረጋችሁን መጽሐፍ ተዉት፤ ሌላ ሰው ይጽፍለታል።

እርሳስ ይዛችሁ አንብቡ

የራሳችሁ መጽሐፍ ከሆነ በእርሳስ አስምሩ። የተዋሳችሁት ከሆነ ግን ኧረ በፍጹም! ቁራጭ ወረቀት ገጹ መሀል አስገቡና ማስታወሻችሁን ወረቀቱ ላይ ጻፉ። ሁሉን ነገር አታስምሩ፤ ሁሉ ከተሰመረ ምንም አልተሰመረም። እኔ ሦስት ቦታ ላይ ብቻ ምልክት አደርጋለሁ፦ ሰውየው ምን እንደሚፈልግ የገባኝ ገጽ፣ ከባድ ምርጫ ፊት የቆመበት ገጽ፣ እና መጽሐፉን አጥፌ ለትንሽ ጊዜ ዝም ያልኩበት ገጽ። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ የጽሑፉ መነሻ ይሆናል።

ጨርሳችሁ በዘጋችሁት ዕለት ማንም የማያየው አምስት ስድስት መስመር ጻፉ። ሰዋስው አይጨነቃችሁ። ከዚያ ጥቂት ቀን ተዉት፣ ስትመለሱም ሰውየው የተለወጠበትን ምዕራፍ ብቻ እንደገና አንብቡ። በሁለተኛው ንባብ ደራሲው ያንን ለውጥ ከስንት ገጽ በፊት ጀምሮ ሲያዘጋጀው እንደነበር ይታያችኋል። ወይም ምንም እንዳላዘጋጀው።

ጊዜውንም አስቡበት። እዚህ ባህር ዳር በመጋቢትና በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ጭንቅላት ያዞራል፤ ጠዋት ግን ሐይቁ ዳር ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ መጻፍ የመሰለ ነገር የለም። ረጅሙን መጽሐፍ ለክረምት አቆዩት፣ ዝናቡ ራሱ ቤት ያስቀምጣችኋል። ደግሞ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ብዙ ሰው ፊልሙን ቀነስ አድርጎ «የሚነበብ ነገር አለ?» የሚልበት ወቅት ስለሆነ ጽሑፋችሁ ከጾሙ መግቢያ በፊት ቢደርስ ይነበብላችኋል።

አጀማመር

እስቲ ለምሳሌ ያህል አንድ ልብ ወለድ በሐሳባችን እንፍጠር። ታሪኩ ዘጌ ላይ ነው። ሁለት ወንድማማቾች አባታቸው ትቶላቸው በሄደው የቡና መሬት ተጣልተዋል። አብዛኞቻችን ስለዚህ መጽሐፍ ጻፉ ብንባል የምንጀምረው እንዲህ ነው፦ «ይህ ልብ ወለድ ስለ ይቅርታ ታላቅነት የሚያስተምር ድንቅ ሥራ ነው።» ውሸት አይደለም። ግን ዓይን የሚያርፍበት ነገር የለውም።

አሁን ደግሞ ይህን እዩት፦ «ሁለቱ ወንድማማቾች በየእሑዱ አንድ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ። ታላቁ ውስጥ ገብቶ ያስቀድሳል፤ ታናሹ እሱን ላለማየት ውጭ ዛፍ ሥር ይቆማል። ሰባት ዓመት ሙሉ እንደምን አደርክ አልተባባሉም። አንድ ሌሊት የታላቁ ልጅ ታመመ። በዚያ ሰዓት ውሃው ዳር ጀልባ ያለው ታናሹ ብቻ ነው።»

እዚህ ላይ አቁሙ። ጀልባውን ይሰጠው ይሆን? አንባቢው ይህን ለማወቅ መጽሐፉን ይፈልገዋል። «ይቅርታ» የሚል ቃል የትም የለም፤ ነገር ግን ማንም አንብቦ ስለ ምን እንደሆነ አይጠፋውም።

ሌላው፣ ስም አታብዙ። ሁለት ሦስት ስም ይበቃል፣ የቀሩትን «ጎረቤቷ»፣ «የነፍስ አባቱ»፣ «አለቃዋ» ብላችሁ እለፉ። የደራሲውን የትውልድ ቦታ፣ የትምህርት ደረጃና የሥራ ዝርዝርም ከፊት አትደርድሩት። ኑሮው ታሪኩ ውስጥ ሲገባ ብቻ አንሱት።

እስከ የት ድረስ ልንገር?

ከመጽሐፉ አንድ ሦስተኛ አትለፉ። «መንፈሳዊ ልብ ወለድ መጨረሻው ያው ንስሐ ነው፣ ምኑ ይደበቃል?» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ሰውየው እንደሚመለስ ብገምት እንኳ በምን እንደተመለሰ፣ ማን እንደደረሰለት፣ ምን ትቶ እንደመጣ አላውቅም። የመጽሐፉ ጣዕም ያለው እዚያ ነው፤ እሱን አትንኩብኝ።

ለውጡ ያሳምናል ወይ?

የጽሑፋችሁ እምብርት ይህ ነው፤ ጊዜ ስጡት። በዓለማዊ ልብ ወለድ ሰውየው ሳይለወጥ ታሪኩ ሊያልቅ ይችላል። በመንፈሳዊው ግን አብዛኛውን ጊዜ ልብ ይመለሳል፣ ስለዚህ ትልቁ ጥያቄ ያ መመለስ በታሪኩ ውስጥ ተሠርቶበታል ወይስ ደራሲው ስለፈለገው ብቻ ሆነ የሚለው ነው።

በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ተብሎ የሚታወቀው «ጦቢያ» ይህንኑ ጥያቄ ያስነሳል። ደራሲው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የተወለደው እዚሁ ዘጌ ነው፤ ብዙ የባህር ዳር ልጅ ይህን ሳያውቅ ያድጋል፣ ያሳዝነኛል። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ታተመ። በታሪኩ ውስጥ በጦርነት የተማረከ ክርስቲያን መኰንን አለ። አንድ ደግ ነጋዴ ዋጋውን ከፍሎ ያስለቅቀዋል። ልጁ ዋሕድ ያንን ባለውለታ ሊፈልግ ይወጣና እሱም ይጠፋል፤ እኅቱ ጦቢያ ወንድ መስላ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትነሣለች። በመጨረሻም ክርስቲያን ያልነበረ ንጉሥ ጦቢያን ወድዶ ክርስትናን ይቀበላል። መጨረሻውን የነገርኳችሁ መጽሐፉ ከ100 ዓመት በላይ ስለቆየና ጥያቄውን ያለሱ ማንሳት ስለማይቻል ነው። ጥያቄው ይሄ ነው፦ ንጉሡ የተመለሰው ለእሷ ብሎ ነው ወይስ ለአምላኳ ብሎ? ስለ ጦቢያ የምትጽፉ ከሆነ እዚህ ላይ ቁሙ። የመሰላችሁን ተናገሩ፣ የመሰላችሁበትንም ገጽ አሳዩ። ነጋዴው ለማያውቀው ሰው የከፈለው ዋጋ ከንጉሡ መመለስ ይልቅ ልብ ይነካል የሚል ሰው ቢመጣ እኔ አብሬው እቆማለሁ።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። እንግሊዛዊው ሰባኪ ጆን ባንያን ያለ ፈቃድ ሰብከሃል ተብሎ ወደ 12 ዓመት ገደማ ታስሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1678 ያሳተመው የመንፈሳዊ ጉዞ ታሪክ ዋና ሰው ስሙ ክርስቲያን ነው፤ ጀርባው ላይ ከባድ ሸክም ተሸክሞ ከከተማው ይወጣል። ሸክሙ መስቀሉ ጋ ሲደርስ ይወድቅለታል። ልብ በሉ፣ ይህ የሚሆነው ገና መንገዱ ሳይጋመስ ነው። ከዚያ በኋላ ውጊያ አለ፣ ወዳጅ ይሞታል፣ ተስፋ መቁረጥ የሚባል ግዙፍ ሰው ይዞ ያስረዋል። ባንያን ንስሐን የታሪኩ መዝጊያ አላደረገውም። ስለዚህ ስለ ማንኛውም መንፈሳዊ ልብ ወለድ ስትጽፉ ጠይቁ፦ ሰውየው ከተመለሰ በኋላ የቀረው ኑሮ አለ? ዕዳው ተከፈለ? የበደላት ሚስት ምን አለች? ብዙ መጽሐፍ ለቅሶውን አሳይቶ ማግስቱን ሳያሳይ ይዘጋል። እኔ ማግስቱን የሚያሳየኝን ደራሲ ነው የምወደው።

በመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ልብ ወለድ ከሆነ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሥራ አለባችሁ። ምንባቡን አጠገባችሁ ዘርግታችሁ ደራሲው የጨመረውን ለዩ። መጨመሩ ጥፋት አይደለም፤ ልብ ወለድ ነውና ይጨምራል። ግን አንባቢው ይወቀው። ለምሳሌ ማቴዎስ 2 ላይ የሰብአ ሰገል ቁጥር አልተጻፈም፣ የተጻፈው ስጦታቸው ነው። ልብ ወለዱ ውስጥ ሦስት ሆነው፣ ስምና ጠባይ ተሰጥቷቸው ብታገኟቸው አንዲት መስመር ማስታወሻ ጣል ማድረግ ይበቃል።

ገድልና ተአምርንም ከልብ ወለድ ጋር አትቀላቅሉ። ጣና ላይ ባሉት ገዳማት ዙሪያ ላደግን ሰዎች ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ገድል በቤተ ክርስቲያን የሚነበብ፣ ምእመን የሚሳለመው መጽሐፍ ነው፤ እንደ ልብ ወለድ «ገጸ ባሕርዩ ደካማ ነው» እያልን የምንመዝነው አይደለም። አተራረኩን ግን ልንማርበት እንችላለን። የበላዔ ሰብእን ታሪክ ውሰዱ። 78 ነፍስ የበላ ሰው ስለ እመቤታችን ስም ለተጠማ ሰው አንድ እፍኝ ውሃ ሰጠ፣ በሚዛንም ያቺ እፍኝ ውሃ መዘነች። ስለ ምሕረት ረጅም ማብራሪያ የለም። ሚዛንና ውሃ ብቻ። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ተስሎ የምናየውም ይኸው ነው። እናንተም ስትጽፉ ከመጽሐፉ እንደዚህ ያለ የሚጨበጥ ነገር ፈልጉ፤ አንድ ዕቃ፣ አንድ የእጅ ሥራ፣ አንድ በር።

«ልብ ወለድ ለመንፈሳዊ ሰው ምን ያደርጋል?» ለሚሏችሁ

ይህን ሳትሰሙ አትቀሩም። «የተፈጠረ ታሪክ ውሸት ነው፣ ጊዜህን ቃሉ ላይ አውለው» የሚል ወንድም ወይም አባት ይኖራል። አትከራከሩት፣ ከክፋት አይደለም። 2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 12ን አብራችሁ አንብቡ። ነቢዩ ናታን ዳዊትን ሊገሥጽ ሲሄድ «በድለሃል» ብሎ አልጀመረም። ብዙ በግና ላም ስላለው ባለጠጋና ከአንዲት ጠቦት ሌላ ስለሌለው ድኻ ተረከለት። ጠቦቷ ከድኻው እንጀራ ትበላለች፣ ከዋንጫው ትጠጣለች፣ በብብቱ ትተኛለች። ባለጠጋው እንግዳ ሲመጣበት ከራሱ መንጋ ማረድ ሳሳና የድኻውን ጠቦት አረደ። ዳዊት በቁጣ ነደደ፣ ፈረደም። ያ ሰው እሱ ራሱ መሆኑን የሰማው ከፈረደ በኋላ ነው። ናታን በቀጥታ ቢናገረው ኖሮ ንጉሡ ምን ይመልስ እንደነበር ማን ያውቃል?

ጌታም በምሳሌ አስተማረ። ሉቃስ 15 ላይ የጠፋው ልጅ ተመልሶ ቤቱ ደስታ ሲሆን ታላቅ ወንድሙ ተቆጥቶ ውጭ ቀረ፣ አባቱም ወጥቶ ለመነው። ገባ? አልተነገረንም። ያ ያልተነገረው ነገር እስከ ዛሬ ሰሚውን ይጠይቃል።

ቤተ እምነቱን በግልጽ ጻፉ

ባህር ዳር ውስጥ ጽሑፋችሁን ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም ያነበዋል። መጽሐፉ ከየትኛው ወገን እንደመጣ በአንድ መስመር ንገሩት፤ ለክርክር አይደለም፣ አንባቢው ምን እንደሚጠብቀው እንዲያውቅ ነው። ከእንግሊዝኛ የተተረጎሙት መንፈሳዊ ልብ ወለዶች ብዙዎቹ ከወንጌላውያን ጸሐፊዎች የመጡ ናቸው፣ ስለዚህ ጾም፣ የነፍስ አባት፣ የቅዱሳን ምልጃ የሚባል ነገር ላይኖርባቸው ይችላል። ይህን የሚያውቅ ኦርቶዶክሳዊ አንባቢ ሳይደናገር ያነባል። በተቃራኒውም እንደዚያው ነው። የሌላውን እምነት ክፉ ሰው አድርጎ የሚስል መጽሐፍ ካጋጠማችሁ ግን ዝም አትበሉ፣ ያንን ጻፉ።

ድካሙንም ጻፉ

«መንፈሳዊ መጽሐፍ ነው፣ እንዴት እተቻለሁ?» አትበሉ። መንፈሳዊ መሆኑ የተሻለ እንዲጻፍ ያስገድደዋል እንጂ ከሚዛን አያወጣውም። በተደጋጋሚ የማያቸው ድካሞች አሉ። ደጉ ሰው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ደግ ነው፣ አንዴ እንኳ አይናደድም፤ ክፉው ደግሞ ከእናቱ ሆድ ጀምሮ ክፉ። ችግሩ ሲጠነክር ደራሲው ሕልም ወይም ድንገተኛ ፈውስ ያመጣና ይፈታዋል። ገጸ ባሕርያቱ እርስ በርስ የሚነጋገሩት እንደ ቤተሰብ ሳይሆን እንደ መድረክ ሰባኪ ነው፣ እናት ለልጇ ወጥ እየጨለፈች ጥቅስ ከነምዕራፉ ትደረድራለች። ትርጉም ከሆነ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ አማርኛ ለብሶ አካሄዱ የሌላ አገር ይሆናል። እንዲህ ያለውን ስታገኙ ገጹን ጥቀሱ፣ አንድ ምሳሌ ስጡና እለፉ። ማሾፍ አያስፈልግም። የአገራችን ደራሲ ብዙ ጊዜ ከኪሱ አውጥቶ ነው የሚያሳትመው፣ ጽሑፋችሁንም ራሱ ሊያነበው ይችላል። ፊት ለፊቱ ቁጭ ብላችሁ የምትሉትን ያህል ብቻ ጻፉ፤ ከዚያ አትጨምሩ፣ አትቀንሱም።

ስለ ራሳችሁስ? ትንሽ። መጽሐፉ በእናንተ ኑሮ ውስጥ ምን እንደነካ በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፣ ምስክርነታችሁ ግን መጽሐፉን እንዳይሸፍነው። ሰው የመጣው ስለ መጽሐፉ ሊሰማ ነው።

የሚረሱ ነገሮች

የተርጓሚውን ስም ጻፉ፣ እባካችሁ። መጽሐፉን በአማርኛ የሰጠን እሱ ነው፣ ስሙ ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል። የታተመበትን ዓመት ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. መሆኑን ለይታችሁ፣ የገጹን ብዛትና የገዛችሁበትን ዋጋም አስቀምጡ። የት እንደሚገኝም ንገሩ፤ አዲስ ከሆነ የትኛው መጻሕፍት መደብር፣ የቆየ ከሆነ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡት ልጆች ጋ ይገኝ እንደሆነ። ስትጠቅሱ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ከገጽ ቁጥሩ ጋር ይበቃል። ሙሉ ምዕራፍ ፎቶ አንስቶ መለጠፍ ወይም ፒዲኤፉን ማሰራጨት መጽሐፉን መውደድ አይደለም፤ ደራሲው ቀጣዩን የሚያሳትምበትን ገንዘብ መውሰድ ነው።

ርዝመቱ ከ400 እስከ 600 ቃል ቢሆን ጥሩ ነው። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ድምፅ አውጥታችሁ ለአንድ ሰው አንብቡለት። ዓይኑ ስልኩ ላይ የሄደበትን ቦታ ምልክት አድርጉና እዚያ ያለውን ቁረጡት። «እጅግ በጣም አስደናቂ» የሚለውን ሁሉ አውጡ። «ቆይ፣ ከዚያስ?» ብሎ ከጠየቃችሁ ጽሑፉ ደርሷል።

ያነበበላችሁ ሰው ሲመለስ «ወደድከው?» አትበሉት፣ «አዎ» ብሎ ያልፋል። «የቱ ጋ አቆምክ?» በሉት። ያቆመበት ቦታ ከእናንተ የተለየ ከሆነ ያንን ጻፉት፣ ሁለተኛ ጽሑፍ ይወጣዋል። አራት አምስት ሆናችሁ አንድ መጽሐፍ በየተራ ካነበባችሁ ደግሞ ማስታወሻችሁን በአንድ ደብተር አድርጉት፣ መጽሐፉ ሲተላለፍ ደብተሩም አብሮ ይተላለፍ። በመጨረሻው ገጽ ላይ የመጽሐፉን ርዕስ፣ ማን ጋ እንዳለና የወሰደበትን ቀን መዝግቡ። ከአንድ ወር ካለፈ ደውሉለት።